በሩ አጠገብ የተቀመጡት

ኦገስት 31፣ እሑድ

በየብስም በባሕርም ላላችሁ የመንደራችን ሰዎች ሁሉ፣ ተራራ ላይ ያሉትን በጎች ጨምሮ፣ የሚከተለው ታላቅ ዜና ይታወጃል። የሃኑስ ባለቤት ማልቪና፣ ከተሞሸረችበት ቀን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ነቅነቅ ብላ የማታውቀው ሴት፣ ዛሬ ጠዋት በሩ አጠገብ ካለው ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታይታለች። ምድር አልተናወጠችም። ጣሪያው አልወደቀም። ቄሱ ግን መዝሙሩ ሳያልቅ "አሜን" አለ።

ሃኑስ እኔ ነኝ። ይህን ደብተር የገዛሁት የበጎቼን ነገር ልጽፍበት ነበር። የበግ ኑሮ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ይበላል፣ ያይሃል፣ ይበላል።

እኛ ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ወንበር ከመሬት የጠበቀ ርስት ነው። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ፣ ሁሉም በአያቱ ቦታ። ወንበሩን የለቀቀ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ከቄሱ ተጣልቷል። ስንወጣ ጎረቤቴ ኒክላይ ክንዴን ያዘኝ። እጅ ለእጅ ተያይዘን የምንጨፍረው የሰንሰለት ጭፈራችን ዘፈን አውጪ ነው፤ ድምፁ ዓሣ ያባርራል።

"ምነው ሃኑስ፣ ማልቪና ከቄሱ ተቀያየመች እንዴ?"

"ከቄሱ አይደለም። አንተ ስትዘምር ምራቅህ ሦስተኛው ወንበር ድረስ እየደረሰ ነው።"

"እኔ እኮ በወንዶች በኩል ነው የምቀመጠው!"

"እንግዲህ አስብበት።"

ቤት ስንገባ ራሷን ጠየቅኋት። "ንጹሕ አየር ፈልጌ ነው" አለች። ነፋስ በማያጣቸው በፋሮ ደሴቶች ላይ ተወልዳ፣ ፋሮ ላይ አርጅታ፣ ነፋስ አጠረኝ የምትል ሴት! ዓሣ "ውኃ ጠማኝ" ሲል እንደ መስማት ነው።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሆዷ አልያዝ ብሏታል። ውኃ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊትም። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ደብተር ማንም አይደለም።

ኖቬምበር 22 ከተጋባን ሃምሳ ዓመት ይሞላል። በዚያ ቀን ሰንሰለቱን የሚመሩት ሙሽሮቹ ናቸው። እጅ ለእጅ ከተያያዙ በኋላ ዘፈኑ ሳያልቅ ማንም እጁን አይለቅም፤ ዘፈኑ የሚያልቀው ደግሞ ታሪኩ የሚዘፈንለት ንጉሥ ሲሞት ነው፤ ንጉሡም ቶሎ የሚሞት ዓይነት አይደለም። "በዓሉ ይቅር" አለችኝ ዛሬ፣ ድንች እየላጠች። "በሰው ሁሉ ፊት እጄን አስለቅቄ የምሮጥ ሙሽራ አልሆንም።"

እኔም "ደግ፣ ወጪ ተረፈን" አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 4

ክላክስቪክ ከተማ ድረስ ለገበያ ልንሄድ ነበር። ማልቪና ኮቷን ለበሰች፣ ጫማዋን አሰረች፣ በሩን ከፍታ ቆመች። ቆየች። ከዚያ ኮቷን አውልቃ ሰቀለች።

"አንተ ሂድ። ነፋሱ ከፍቷል።"

የኒክላይ ቤት ጭስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር።

"እውነትሽን ነው፤ የሚያስፈራ ነፋስ ነው" አልኳት።

ሴፕቴምበር 9

ዝናብ። ሬድዮኑን ከፍ አድርጌ ዋልኩ። ጆሮዬ እየደከመ ነው መሰለኝ፤ በተለይ እሷ ከመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ስትሆን በጣም ይደክማል። የኒክላይ ሬድዮም እዚህ ድረስ ያስተጋባል። እሱም እየደነቆረ ነው፤ ያሳዝናል፤ ከእኔ እኮ ያንሳል።

በጸደይ ኮፐንሃገን ልጃችን ቶርዲስ ጋ ሄዳ ሳለ አንድ ሐኪም በካሜራ አይቷት ነበር። ትልቁ አንጀቷ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ንጹሕ ነው ብሎ ላካት። በበጋው ሁሉ ቀለድኩባት። "እንደምን አደርሽ የሃያ ዓመቷ፣ የቀረው አካልሽስ እንዴት ነው?" እያልኩ። መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

ዛሬም ላስቃት ብል ቀና ብላ አየችኝ። "አንጀቴ ንጹሕ ከሆነ ሕመሙ ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ማለት ነው። ካሜራውን ወደ ላይ መላክ ነበረባቸው።"

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ ቀሚሷ ከትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥሎ አየሁት። አንጀቴን በላችው። አንተ ሽማግሌ፣ መቼ ነው መሳቅ የምታቆመው?

ሴፕቴምበር 17

በችኮላ። ሱቅ ውስጥ ከዱቄቱ መደርደሪያ ወዲህ ቆሜ የኒክላይ ሚስት ኤልስባ ከወዲያ ስታወራ ሰማሁ። "ማልቪና እንደዚያ የከሳችው ምን ሆና ይመስልሻል? የሃኑስ የነፋስ ሥጋ ነው እንጂ! ዐሥር ጊዜ ብያለሁ።"

የእኔ የነፋስ ሥጋ! በደሴቱ ላይ እንደ እኔ የበግ ሥጋ ሰቅሎ የሚያደርቅ ማን አለ? ጨው አይነካው፣ እሳት አያየው፣ በነፋስ ቤቴ ሳንቃዎች ክፍተት የሚገባው የባሕር ነፋስ ብቻ ነው የሚያበስለው። ሽታውን ሰምቶ ቄሱ ራሱ ከመንገድ ዞሮ ገብቷል።

ዱቄት ሳልገዛ ወጣሁ።

ሴፕቴምበር 21፣ እሑድ

እኔም ወደ መጨረሻው ወንበር ዛወርኩ፣ በወንዶች በኩል። ጉልበቴ እግር መዘርጊያ ይፈልጋል። ኮቷንና ቦርሳዋን እዚያው አጠገቤ አስቀመጥኩላት፤ ለመያዝ ስለሚቀል ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ሆኜ አንድ ነገር ታዘብኩ። በሴቶች በኩል ሦስተኛው ወንበር ሰፊ ሜዳ ሆኗል፤ አራተኛውም። የመጨረሻው ግን ጢም ብሏል፤ ማልቪና፣ ኤልስባ፣ ፖስታ ቤት ትሠራ የነበረችው ሴትዮ፣ ሌሎችም። መዝሙር ሲጀመር አንዷ ትስልና ትወጣለች። እሷ ስትመለስ ሌላዋ ትስልና ትወጣለች። የሳል ወረርሽኝ ገብቷል። ስብከቱም ከዚህ በፊት ከነበረው የባሰ ሆኗል፤ ቄሱ ቢያውቅ ያዝናል።

ሴፕቴምበር 28

ወተት አስተውኳት። ለውጥ የለም። ቡና አስተውኳት። ለውጥ አለ፤ ጠባይዋ ከፋ። ዓሣ እንተው ብል፣

"አንተ ሰውዬ" አለችኝ፣ "ያልተውኩት አንተን ብቻ ነው። እሱንም እንሞክር?"

ጉልበቷን የሚያማት ነገር ደግሞ አልተወም፤ የሕመም ማስታገሻውን እንደ ከረሜላ ትውጠዋለች። እሱን አልነካሁባትም። መድኃኒት ነው።

የኤልስባ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ያለፈው መኸር ሞቃት ነበር። ሥጋው ሲሰቀል ዝንብ ነበር። ብዙ አልነበረም። ግን ነበር።

ኦክቶበር 9

በጎቹን ከተራራ አወረድናቸው። አረድን። ደክሞኛል። ወስኛለሁ።

ኦክቶበር 11

ያደረግኩትን እጽፋለሁ። ዘንድሮ ሥጋ አልሰቀልኩም። ሁሉንም ቆራርጬ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት፤ እንደ ዴንማርክ ሰው።

ኒክላይ የነፋስ ቤቴን በሳንቃው ክፍተት አጮልቆ ባዶ መሆኑን ባየ ጊዜ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ሃኑስ፣ ሐኪሞቹ ምን አሉህ?"

"ምንም አላሉኝም።"

"ስንት ጊዜ ሰጡህ? ለእኔ ንገረኝ፤ ለማንም አልናገርም።"

ለማንም ባይናገር ኖሮ እስከ ምሽት አራት ቤት ኬክ ይዞ ባልመጣ ነበር። ሁሉም እጄን ይዘው ጠበቅ አደረጉ። ፖስታ ቤት የነበረችው ሴትዮ አለቀሰች። ጥሩ ኬክ ነበር።

ሰዎቹ ሲሄዱ ማልቪና ሳህኖቹን እየሰበሰበች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለምን?" አለችኝ።

"ምናልባት ሥጋው ይሆናል ብዬ ነው። ላንቺ ብዬ።"

"ለእኔ ብለህ።" ሳህኑን አስቀመጠች። "ዓመት ሙሉ ደብቄው የኖርኩትን፣ አንተ ባዶ የነፋስ ቤት ከመንገዱ ዳር አቁመህ ለመንደሩ ደወልክልኝ። በዓሉ ቢኖርስ ለእንግዳ ምን ልናቀርብ ነበር? ከፍሪዘር?"

"በዓሉ ይቅር ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"አውቃለሁ ማን እንዳለው!"

ኦክቶበር 12፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። "በዓሉ ቢኖርስ" ብላለች። ደጋግሜ አሰብኩት። በዓሉን የማትፈልግ ሰው ስለ ሥጋው አትቆጣም። ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ያለውን ነገር በማግስቱ ነው የሚገባኝ።

ኦክቶበር 18

የልጅ ልጃችን ራንቫ ከዋና ከተማችን ከቶርስሃቨን መጣች። ሐኪም ለመሆን ትንሽ ነው የቀራት፤ ሆስፒታሉ ስለ አንድ በሽታ የሚያደርገውን ጥናት ይዛ ወደ ሰሜን ደሴቶች ተልካ ነው። እራት ላይ ጀመርኳት።

"የማን በሽታ ነው የምታጠኚው ዶክተሬ?"

"የሁሉም ሰው፣ አባባ። በደሴቶቻችን ስንት ሰው እንዳለበት ነው የምንቆጥረው። በየዓመቱ ስንት አዲስ ሰው እንደሚያዝ፣ ይዞት የሚኖረውስ ስንት እንደሆነ።"

"ስሙስ?"

"ማይክሮስኮፒክ ኮላይቲስ።"

"ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ ሰውየው ይሞታል።"

"አይገድልም። ያሰቃያል እንጂ። የትልቁ አንጀት ቁጣ ነው፤ ግን በዓይን አይታይም። ካሜራ ቢገባ ግድግዳው ሮዝ፣ ለስላሳ፣ ያማረ ነው። ሰውየው ግን ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ይውላል። ከግድግዳው ትንንሽ ቁንጥር ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ካልታየ አይገኝም።"

ማልቪና ሹካዋን አስቀመጠች። ተነሥታ ወጣች። የመታጠቢያ ክፍሉ በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ሬድዮኑን ከፍ አደረግኩት።

"እንበልና" አልኩ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚጠይቅ ሰው፣ "አንዱን በካሜራ አዩትና ንጹሕ ነህ ብለው ሰደዱት። ቁንጥር ግን አልወሰዱም።"

"እንግዲያውስ ምንም አልነገሩትም።"

"ምንም?"

"ምንም፣ አባባ።" ሬድዮኑን አየች፤ በሩን አየች፤ ከዚያ ድንቿን ቀጠለች። "ከሁሉ የሚይዘው በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ነው። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻም ሳይቀሰቅሰው አይቀርም። ጥሩ መድኃኒት አለው። ችግሩ ቁጥሩ ነው። እዚህ ሰሜን ያገኘነው ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑን ግን አላምንም። መጠይቅ እንልካለን፣ ሁሉም 'ጤነኛ ነኝ' ብሎ ይመልሳል። ቁጥር የሚያንሰው በሽታው በሌለበት ብቻ አይደለም፤ ማንም ባልፈለገውና ማንም ባልተናገረበትም ያንሳል።"

"በጭጋግ በግ እንደ መቁጠር ነው" አልኳት። "የምትቆጥሪው የጮኸችውን ብቻ ነው።"

ምዬአለሁ። አልነገርኳትም። ሳህን ሳጥብ ግን "ነገ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ስብከቱን ተይው፤ በሩን ተመልከቺ" አልኳት። ስለ በር መናገር ከመሐላው ውስጥ የለም።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ማልቪና ለልጅቷ ስትል ሄደች። ራንቫ ከአያቷ ጎን ልትቀመጥ ብላ ወደ ኋላ ብትሄድ ቦታ የለም። ሴቶቹ እንደ ሰርዲን ተጠጋግተው ጫፍ ላይ አስቀመጧት። ፊት ለፊቷ ሦስት ባዶ ወንበሮች።

የመጀመሪያው መዝሙር። ሳል። የበሩ ድምፅ። ሁለተኛው መዝሙር። ሳል። የበሩ ድምፅ። ልጅቷ ማንንም ቀና ብላ አላየችም፤ የመዝሙር መጽሐፉን ግን ገልብጣ ነበር የያዘችው።

መንገድ ላይ እኔና እሷ ወደ ኋላ ቀረት አልን።

"አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ስብከቱ ነው? ይኼ ቄስ ከመጣ ጀምሮ።"

"አንተ ምንም አልነገርከኝም፤ እሺ?"

"ምንም አልነገርኩሽም።"

ክንዴን ይዛ እስከ ቤት ድረስ ሄደች።

ኦክቶበር 20

ራንቫ ከአያቷ ጋር ሹራብ የሚሠሩትን ሴቶች ሁሉ እቤታችን ጠራቻቸው። እኔ ተባረርኩ። የት እሄዳለሁ? ወደ ነፋስ ቤቴ ገባሁ፣ ባዶ የሥጋ መስቀያ ሥር ተቀመጥኩ። የነፋስ ቤቱ ግድግዳ ክፍተት ክፍተት ነው፤ የወጥ ቤቱ መስኮትም ገርበብ ብሎ ነበር። አላዳመጥኩም። ነፋሱ ነው ያመጣልኝ።

ልጅቷ መጠይቅ አላወጣችም። ምንም አልጠየቀችም። አንድ እጅጌ እየሠራች፣ ዐይኗን ከመርፌው ሳታነሣ፣ ከትናንት ወዲያ ለእኔ የነገረችኝን ነገረቻቸው። ስለ ንጹሑ አንጀት። ስለ ቁንጥሩ። አልጋ ስለ ማበላሸት እንኳ በስሙ ጠርታ ተናገረች፤ እኔ በጨለማው ውስጥ ቀላሁ። ከዚያ እጅጌዋን መሥራት ቀጠለች። የመርፌ ድምፅ ብቻ። ብዙ ቆየ። ንግግሯ የተበላሸባት መሰለኝ።

"መድኃኒቱ" አለች አንዲት ድምፅ፣ "በስንት ጊዜ ይይዛል?"

ኤልስባ ነበረች! የዱቄት መደርደሪያዋ ኤልስባ!

"ለማን ፈልገሽ ነው?" አለች ማልቪና።

"ለእህቴ።"

"እህት የለሽም፣ ኤልስባ።"

ኤልስባ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለይቼ አላወቅሁም። "ስድስት ዓመት ሆነኝ ማልቪና። አንድ የገና በዓል እናንተ ቤት የሃኑስን ሥጋ በልቼ በማግስቱ ጀመረኝ። እሱ ነው ብዬ ረገምኩት። አንቺም ስትከሺ ሳይ 'አገኘሁት፣ ሥጋው ነው' አልኩ።"

"ስድስት ዓመት! አጥር ለአጥር ሆነን!"

"አንቺስ ምን አልሽኝ? 'ንጹሕ አየር።'"

ያኔ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ፤ አንዷ የአውቶቡሱን ነገር፣ አንዷ በመርከብ የሆነባትን፣ አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዘውን ልብስ። የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው የኖሩት ሁሉ ወጣ። ራንቫ እየደጋገመች "ሁላችሁም ይኸው ነው ማለት አይደለም፤ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዳችሁ መታየት አለባችሁ" ትላለች፤ ማን ሊሰማት! የማልቪና ድምፅ ግን አንድ ጊዜ ጥርት ብሎ መጣ፦ "እኔ ሞትን አልፈራሁም። የፈራሁት ሰንሰለቱን ነው።"

ከዚያ በኋላ ነፋሱ ዞረብኝ።

ኦክቶበር 21

ኒክላይ አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ። ሁለታችንም ባሕሩን አየን።

"እና... ያንተም?" አለ።

"የእኔም።"

"እኔ ሬድዮ አስጮኻለሁ" አለ። "እሷ እንዳታፍር።"

"የምታስጮኸው ለዚያ ነው? ደንቁረህ መስሎኝ!"

"አንተስ ምን ሆነህ ነው የምታስጮኸው?"

"እኔ ደንቁሬ ነው" አልኩት።

ኦክቶበር 27

ቶርስሃቨን ሆስፒታል። ራንቫ ነዳችልን፤ በመንገዱ ላይ የትኛው ቤንዚን ማደያ መጸዳጃ እንዳለው እያወቀች፣ ሳትጠየቅ እየቆመች። ካሜራው ዳግመኛ ንጹሕ አለ። ዛሬ ግን ቁንጥር ወሰዱ፤ ከብዙ ቦታ። የጉልበቷንም ማስታገሻ አስቆሟት። ያን "መድኃኒት ነው" ብዬ የተውኩትን። ውጤቱ ይቆያል።

ኖቬምበር 2

ውጤቱ የለም ገና። ወንድሜም ከሆዱ ነበር የጀመረው፣ በዚያ ክፉ በሽታ የሞተው። ይህን ለማልቪና አልነገርኳትም። እሷም አልነገረችኝም። ሁለታችንም ስለ እሱ ሳናወራ ፎቶውን ወለወልነው።

ዛሬ አንድም ሰው አልቀለድኩበትም። ኒክላይ ተጨንቆ ሾርባ ላከልኝ።

ኖቬምበር 5

ራንቫ ደወለች። ማልቪና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ እኔ ፊቷን ነው የማነብበው፤ ፊቷ ደግሞ እንደ ግድግዳ። "አዎ... አዎ... እሺ የኔ ልጅ።" ዘጋችው።

"በይ እንጂ!"

"አለብኝ" አለች። "ስሙ ረጅም የሆነው።" ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጮክ ብላ ሳቀች፤ ዓመት ያልሰማሁትን ሳቅ። "ጭንቅላቴ ውስጥ አይደለም፣ ሃኑስ! አንጀቴ ውስጥ ነው! ክፉውም አይደለም፤ ወደ ክፉውም አይለወጥም አለች።"

በሽታ ተገኘብኝ ብሎ እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ወደ በጎቹ ሄድኩ። ዐይኔ ውስጥ ነፋስ ገብቶ ነበር።

ኖቬምበር 9

እንክብሎቹን ጀምራለች። የኤልስባም ውጤት መጣ፤ ያው ነው። ፖስታ ቤት የነበረችው ሴትዮ የላትም፤ የእሷ ከወተት ነው ተባለ፤ ትንሽ ቅር ብሏታል። ራንቫ በስልክ፣ "አባባ፣ የሰሜኑ ቁጥር እያደገ ነው" አለችኝ። "በሽተኛ አበዛችሁ ብለው እንዳይቆጡሽ" አልኳት። "በሽተኛው አልበዛም። የጮኸው ነው የበዛው" አለች። የእኔን በግ ሰርቃ ለእኔው ሸጠችልኝ።

ኖቬምበር 14

ማልቪና ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ ትተነፍስ እንደሆነ እያዳመጥኩ።

ኖቬምበር 16

ኮቷን ለበሰች፣ ጫማዋን አሰረች፣ በሩን ከፈተች። ውጭ የእውነት ነፋስ ነበር፤ በግ የሚጥል። "ነፋሱ ከፍቷል" አልኳት ልሞክራት።

"ምን ነፋስ አለ?" አለችና ወጣች። ከክላክስቪክ ጥቁር ጫማ ገዝታ ተመለሰች። ለስላሳ ታኮ ያለው፣ የጭፈራ።

ስለ ጫማው ምንም አልጠየቅሁም። ራሷ ተናገረች። "ሁልጊዜ እንደዚህ ላይሆን ይችላል። ይመለሳል ብላኛለች ራንቫ፤ ከተመለሰ መድኃኒቱም ይመለሳል።" ጫማውን አገላበጠችው። "ስንት ሰው ጠርተሃል?"

"ማንንም። ወጪ..."

"እንግዲያውስ ሁሉንም ጥራ።"

ኖቬምበር 22

ሆነ። በመንደሩ አዳራሽ፣ ሰው ግድግዳ እስኪገፋ። የነፋስ ሥጋው ከኒክላይ ቤት ነው፤ ኤልስባ ራሷ ተሸክማ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "የሃኑስን ያህል አይደለም" አለች ሰው ሁሉ እየሰማ። ለስድስት ዓመት እርግማን ጥሩ ካሣ ነው። በእውነትም የእኔን ያህል አይደለም።

ከዚያ ኒክላይ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዘፈኑን አወጣ። እኔና ማልቪና እጅ ተያይዘን ጀመርን፤ ኤልስባ በማልቪና ሌላ እጅ፣ ራንቫ ከእሷ ቀጥላ፣ ከዚያ መንደሩ ሁሉ። ወለሉ ከእግራችን ሥር እንደ ጀልባ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቁሩ ጫማ አንዴም አልሳተም። ንጉሡ ሊሞት ሁለት ሰዓት ፈጀበት፤ ማልቪና ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እጄን አልለቀቀችም። ሰንሰለቱ አንዴም አልተበጠሰም።

ኖቬምበር 23፣ እሑድ

ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ኖሯል። ስነቃ ማልቪና መነጽሯን አድርጋ የትናንቱን ታነብባለች።

"ውሸታም" አለችኝ።

"ምኑ ላይ?"

"የመጨረሻው ላይ። ወጥቻለሁ እኮ።"

"እኔ አሳፍርሻለሁ ብዬ..."

"መውጣቴን ካልጻፍክ" አለች፣ "ተመልሼ መምጣቴ በምን ይታወቃል?"

ስለዚህ ይታረም። በዚህ ደብተር ውስጥ የፈጠርኩት እሱን ነው፤ ሌላው ሁሉ ሆኗል። የሆነውም እንዲህ ነው። ንጉሡ ገና በፈረስ ላይ እያለ ማልቪና እጄን ጠበቅ አድርጋ ለቀቀችኝ። አልሳለችም። ቀጥ ብላ በሰው መሃል ወደ በሩ ሄደች። በእኔና በኤልስባ መካከል አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ሆነ። ወጉ ተጠጋግቶ መዝጋት ነው። ኤልስባ አልተጠጋችም፤ እጇን እንደ ዘረጋች ዞረች፤ እኔም እጄን እንደ ዘረጋሁ፤ ኒክላይ ክፍተቱን አይቶ ዘፈኑን ከፍ አደረገው። ክፍት ቦታውን ይዘን አዳራሹን ዞርን። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ማልቪና ገባች፣ ቀዝቃዛ የታጠበ እጇ እጄ ውስጥ ገባ።

ጥቂት ቆይቶ ኤልስባ ወጣች፤ ቦታዋን ጠበቅንላት። ከወዲያ በኩል ደግሞ አንዲት ሌላ ወጣች፤ እኔ ከቶ ያልጠረጠርኳት። እነሱም ቦታዋን ጠበቁላት። ንጉሡ እስኪሞት ድረስ ሰንሰለቱ አንድም ጊዜ ሙሉ ሆኖ አላየሁትም፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ክፍት ነበር፤ ሁልጊዜም የዚያ ቦታ ባለቤት ተመልሳ መጣች።